ለሕብረተሰብ ጤና ጥናት የትኛው ዳታቤዝ? ማጣቀሻስ በምን ይያዝ?

ከታቦር ሥር

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ የሕብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሲዳማ ክልል ገጠር ወረዳዎች ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ማጠሩን፣ እና ተያያዥ ምክንያቶቹን የሚመለከት ሲሆን፣ ከመስክ ሥራው አስቀድሜ እስካሁን በኢትዮጵያ የተሠሩትን ጥናቶች በሥርዓት እንድገመግም ታዝዣለሁ። አማካሪዬ ፕሮፖዛሉን ሲመልሱልኝ ኅዳጉ ላይ «እነዚህን ዳታቤዞች ለምን መረጥሻቸው? የተውሻቸውንስ ለምን ተውሻቸው?» የሚል ጥያቄ አስፍረውበታል። ከእኔ በፊት የተመረቁ ተማሪዎችን ሥራ ሳገላብጥ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ያንኑ ዝርዝር ነው የሚደግሙት፦ ፐብሜድ፣ ኤምቤዝ፣ ስኮፐስ፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ኮክሬን ላይብረሪ፣ ሂናሪ፣ ጉግል ስኮላር። ለምን እንደተመረጡ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር ነው። የክፍል ጓደኞቼ ከፊሎቹ በሜንደሌይ፣ ከፊሎቹ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚዘዋወረው ኢንድኖት ይሠራሉ፤ ዞተሮን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አንዱን ከያዝኩ በኋላ መሀል ላይ መቀየር ስለማልፈልግ ከወዲሁ ምክራችሁን እጠይቃለሁ።

የመጻሕፍት ቤት ሰው

እህቴ፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አማካሪ ማግኘትሽ መልካም ነው። በጠቀስሽው ዝርዝር ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ነገሮች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሂናሪ ልነሳ። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው መርሐ ግብር ሥር የሚገኝ አገልግሎት ሲሆን፣ ሥራው ክፍያ የሚጠይቁ መጽሔቶችን ሙሉ ጽሑፍ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት በነፃ መክፈት ነው። ስለዚህ በአገራችን ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ እንደምናየው «ሂናሪ የተባለውን ዳታቤዝ ፈተሽን» ማለት ቤቱን ትቶ በሩን መፈተሽ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ፍለጋው በፐብሜድ መካሄዱን፣ ሙሉ ጽሑፎቹ ደግሞ በሂናሪ በኩል መገኘታቸውን ለያይቶ መግለጽ ነው።

ፐብሜድን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያቀርበው ነፃ አገልግሎት ስለሆነ ያለ እሱ መጀመር አይቻልም። ነገር ግን በውስጡ የተለያዩ ክፍሎች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ሜድላይን ሲሆን፣ መጽሔቶቹ ተመርጠው የሚገቡበትና ጽሑፎቹ ሜሽ በሚባሉት የርእሰ ጉዳይ ቃላት የሚመደቡበት ነው። ሌላው ፐብሜድ ሴንትራል የተባለው የሙሉ ጽሑፍ ማከማቻ ነው፤ በዚህ በኩል የገቡ ጽሑፎች፣ በተለይም የጥናቱ ገንዘብ ሰጪ ስላስገደደ ብቻ የተቀመጡት፣ መጽሔታቸው በሜድላይን አስመራጮች ዘንድ ያላለፈ ሊሆን ይችላል። «ፐብሜድ ላይ አለ» የሚለው አነጋገር በጥራት ማረጋገጫነት ሲቀርብ ስሰማ የማልስማማው ለዚህ ነው።

ኮክሬን ላይብረሪ የሕክምናና የመከላከል እርምጃዎችን ውጤት ለሚመረምር ሰው ተወዳዳሪ የለውም፤ የስርጭት መጠንና ተያያዥ ምክንያቶችን ለምትፈልጊው ለአንቺ ግን የሚሰጥሽ እጅግ ጥቂት ነው። «የስርጭት ጥናት ስለምፈልግ ተውኩት» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስረጂ አማካሪሽ የሚቃወሙ አይመስለኝም። ኤምቤዝ የኤልሰቪየር ንብረት ነው፤ የሚከፈልበት ሲሆን ጥንካሬው በመድኃኒት ነክ ጽሑፎችና ሜድላይን በማይዛቸው መጽሔቶች ላይ ነው። ተቋምሽ የመግቢያ ፈቃድ ካለው ተጠቀሚበት፤ ከሌለው አትጻፊው። ሳይገቡበት «ፈትሻለሁ» ብሎ መጻፍ በሌላ ስም ሊጠራ አይችልም፣ ውሸት ነው። ፈታኝ ተነስቶ «በየትኛው ቀን፣ በምን የፍለጋ ቃል፣ ስንት ውጤት አገኘሽ?» ቢል የሚመለስ ነገር አይኖርም። ፕሪዝማ 2020 የተባለው የሥርዓታዊ ግምገማ አቀራረብ መመሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ምንጭ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀንና ሙሉው የፍለጋ ስልት እንዲቀርብ ያዛል።

አንድ የተረሳ ልጨምር። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገ፣ የአፍሪካ መጽሔቶችን በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ጭምር እዚያ ታገኚዋለሽ። የመፈለጊያ ሥርዓቱ ደካማ ስለሆነ መጽሔቶቹን ከፍቶ ቅጽ በቅጽ ማየት ይሻላል። ለርእስሽ ከአንድ ውድ ዳታቤዝ ይልቅ ይህ አድካሚ ሥራ የበለጠ ይጠቅምሻል ብዬ አምናለሁ።

ተመራቂው

ከላይ ለተሰጠው ማብራሪያ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ነገሩ የተጋነነ ይመስለኛል። እኔ የሠራሁት በጉግል ስኮላር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መብራት በሚጠፋበት ቦታ በስልክ የሚከፈተው እሱ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ማከማቻ የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የመንግሥት ሪፖርቶችንና በፐብሜድ የማይገኙ መጽሔቶችን ሁሉ ያመጣል። አንድን ጽሑፍ ማን እንደጠቀሰው የሚያሳየው ማያያዣ ደግሞ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ በገንዘብ የሚገኝ ነገር ነው። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ከዚህ በላይ መጠየቅ ፍትሐዊ ነውን?

የጥናት ዘዴ መምህር

ወንድሜ ያነሱት ነጥብ ከእውነት የራቀ አይደለም። ጉግል ስኮላር ስፋት አለው፤ የመመረቂያ ጽሑፎችን በተመለከተም የሚተካው የለም። ነገር ግን ጥያቄው ይበቃል ወይስ አይበቃም ሳይሆን፣ የተሠራው ፍለጋ በሌላ ሰው እጅ ሊደገም ይችላል ወይ የሚል ነው። ስኮላር የቱንም ያህል ውጤት አገኘሁ ቢል ከፍቶ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን 1,000 ብቻ ነው፤ ውጤቱን በምን መስፈርት እንደሚደረድር በዝርዝር አይታወቅም፤ ዛሬ የፈለጉትን ቃል በሚቀጥለው ወር ቢደግሙት ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል። እንደ ፐብሜድ በርእስና በአጽሕሮት (አብስትራክት) ብቻ ገድቦ መፈለግ አይቻልም፤ የሜሽ ዓይነት የተቀናበረ የቃላት ሥርዓትም የለውም። ስለዚህ እኔ ለተማሪዎቼ የምለው በፐብሜድ ጀምራችሁ በስኮላር አሟሉ፣ በስኮላርም የመጀመሪያዎቹን ስንት ውጤቶች እንዳያችሁ አስቀድማችሁ ወስናችሁ ጻፉ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ስለ ዳታቤዝ ምርጫ ብዙ ይወራል፤ ብዙ ጥናት የሚያመልጠው ግን በተሳሳተ ዳታቤዝ ሳይሆን በተሳሳተ የፍለጋ ቃል ነው። የሐዋሳን ጉዳይ ይመልከቱ። የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ አንዳንዴ በኤች ፊደል ጀምሮ፣ አንዳንዴ ያለ ኤች፣ አንዳንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዳንዴ በሁለት ኤስ ተጽፎ ይገኛል። አካባቢው ደግሞ በቆዩ ጽሑፎች ሲዳሞ ይባላል፤ በኋላ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ሆኖ ይጠራል፤ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በርካታ ጸሐፊዎችም በአጽሕሮታቸው «ደቡብ ኢትዮጵያ» ብለው ያልፋሉ። ሲዳማ የሚለውን ቃል ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ተማሪ ስለ ሲዳማ ከተጻፈው ብዙውን ሳያይ ይቀራል። የሚሻለው ፍለጋውን በኢትዮጵያ ደረጃ አድርጎ ቦታውን በንባብ ማጣራት ነው። ንባቡ ይረዝማል፤ ነገር ግን የሚያስተማምነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሜሽ ነው። ለመቀንጨር የሚቀርበው የሜሽ ርእስ ግሮውዝ ዲስኦርደርስ የሚለው ሲሆን፣ ትርጓሜው የእድገት መዘግየትን ብቻ ሳይሆን ከመጠን ያለፈ እድገትንም ይጨምራል። ብቻውን ከተጠቀሙበት የሆርሞን ሕመሞች ጥናት ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። በሌላ በኩል ገና ያልተመደቡ አዳዲስ ጽሑፎችና ከሜድላይን ውጭ ያሉት የሜሽ ርእስ ስለሌላቸው በሜሽ ብቻ መፈለግ እነሱን ያስቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ኦር («ወይም») በሚለው ማያያዣ ያጣምሩ፦ በአንድ ወገን የሜሽ ርእሱን፣ በሌላ ወገን በርእስና በአጽሕሮት ውስጥ የሚገኙትን ቃላት፣ ማለትም ስታንት የሚለውን ግንድ (ከነቅጥያዎቹ እንዲፈለግ) ከኮከብ ምልክት ጋር፣ ቁመት ለዕድሜ የሚለውን ሐረግ፣ እንዲሁም አንደርኒውትሪሽንን። ከዚያ ሁሉንም ኤንድ («እና») በሚለው ከኢትዮጵያ ጋር ያያይዙ። ኮከብ ምልክትና የጥቅስ ምልክት ሲጠቀሙ ፐብሜድ በራሱ ተመሳሳይ ቃላትን የሚፈልግበት ሥርዓት እንደሚቋረጥ አይርሱ። አድቫንስድ በሚለው ገጽ የፍለጋ ታሪክ ውስጥ ገብተው ዝርዝሩን ቢከፍቱ፣ ማሽኑ የጻፉትን ቃል እንዴት እንደተረጎመው ፊት ለፊት ያሳይዎታል። ያንን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው ከነቀኑ ወደ አባሪ ክፍል ያስገቡት።

የጤና ቢሮ ባለሙያ

በሥራዬ ምክንያት የብዙ ተማሪዎችን ረቂቅ አነባለሁና ስለ ማጣቀሻው ልናገር። የመቀንጨር ጽሑፍ ሁሉ የሚጀምረው በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 38 በመቶ፣ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 37 በመቶ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። የሚጠቀሰው ምንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርቱ ሳይሆን ሪፖርቱን የጠቀሰ ሌላ ጽሑፍ ነው። ይህ ለምን እንደሚያስቸግር የ2000ውን ዳሰሳ ብቻ ማየት ይበቃል። የዚያን ዳሰሳ የራሱን ሪፖርት የከፈተ ሰው ወደ 52 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ያገኛል፤ የ2016ቱን ሪፖርት የከፈተ ደግሞ ለዚያው ለ2000 ዓመት 58 በመቶ ተጽፎ ያገኛል። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ የሕፃናት እድገት መለኪያ ስላወጣ የቀድሞው መረጃ በአዲሱ መለኪያ እንደገና ተሰልቶ ነው። በ52 ጀምሮ በ38 የሚጨርስ ተማሪ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን አወዳድሮ የቅናሹን መጠን አሳንሶ ያቀርባል። ይህንን የሚያሳየው ምንጩን መክፈት ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ የማያስተኛኝ ነገር አለ። የ2016ቱን ሪፖርት የሚጠቅሱ በርካታ ጽሑፎች የታተመበትን ቦታ አዲስ አበባና ካልቨርተን፣ ሜሪላንድ ይሉታል። ካልቨርተን የ2011ዱ ሪፖርት ላይ ያለ አድራሻ ነው፤ የ2016ቱ ላይ የተጻፈው ሮክቪል ሲሆን፣ ሪፖርቱ የወጣውም በ2017 ነው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት የቀላቀለውን ሌላው እየገለበጠ ይኸው እስከ ዛሬ ዘልቋል። ካልቨርተን የሚል ባየሁ ቁጥር ጸሐፊው ሪፖርቱን አለመክፈቱን ከዚያች ቃል እረዳለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። የክልልና የወረዳ ሪፖርቶች በእኛ አቆጣጠር ይወጣሉ። የ2016 ዓ.ም. የጤና ቢሮ ሪፖርትና የ2016 እ.ኤ.አ. ዳሰሳ በአንድ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው የአንድ ዓመት ሥራ ይመስሉታል፤ ይሁንና በመካከላቸው ሰባትና ስምንት ዓመት አለ። ሶፍትዌሩ ይህንን አያውቅላችሁም።

ከታቦር ሥር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመምህሩ ምክር መሠረት ፍለጋውን በኢትዮጵያ ደረጃ አድርጌ ቦታውን በንባብ ለማጣራት ወስኛለሁ፤ ኮክሬንን የተውኩበትንም ምክንያት ጽፌአለሁ። ዞተሮን ጭኜ የ2016ቱን ሪፖርት ከጉግል ስኮላር ሳስገባ ግን ዋቢው «ሲኤስኤ አይ» የሚል ሰው የጻፈው ሆኖ ወጣ። ድርጅት እንዴት የአባት ስም ምህጻር ይኖረዋል? በእጄ ላስተካክለው ስሞክር ደግሞ በዶክመንቱ ውስጥ ያረምኩት አዲስ ማጣቀሻ በጨመርኩ ጊዜ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የመጻሕፍት ቤት ሰው

እህቴ፣ ይህ የተለመደ ነው። ሲኤስኤ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ምህጻር ሲሆን፣ አይ የምትለው ፊደል አይሲኤፍ ከሚለው ከሌላኛው አዘጋጅ ድርጅት የተቆረጠች ትመስላለች። ጉግል ስኮላር መረጃውን በማሽን ስለሚሰበስብ እንዲህ ያለውን ይፈጥራል፤ ታትመው በወጡ መጽሔቶችም ሳይቀር ይኸው «ደራሲ» ተጠቅሶ አይቻለሁ። መድኃኒቱ በዞተሮ ውስጥ መዝገቡን ከፍተሽ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት በመጫን ሁለት የነበረውን የስም ሣጥን አንድ ማድረግና የድርጅቱን ሙሉ ስም መጻፍ ነው። ለሁለተኛው ድርጅት ሌላ መስመር ክፈቺ። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢባልም በዋቢው ላይ የሚጻፈው በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያለው ስም ነው።

ዋቢን በዎርድ ዶክመንቱ ውስጥ በፍጹም አታርሚ። እዚያ የምታዪው ዞተሮ ከመዝገብሽ አንብቦ የሚያሳየው ነው፤ አዲስ ማጣቀሻ ስትጨምሪ እንደገና ስለሚያነብ ያረምሽው ይጠፋል። መዝገቡ ከታረመ ግን ዶክመንቱ በራሱ ይከተላል። ለአማካሪሽ ወይም ለመጽሔት የምትልኪው የመጨረሻ ቅጂ ከማጣቀሻ ሥርዓቱ እንዲላቀቅ ከፈለግሽ ሁልጊዜ ሌላ ቅጂ አውጥተሽ በቅጂው ላይ አድርጊው፤ አንዴ ከተላቀቀ መልሶ የሚያያዝ አይደለም።

ስለ ምርጫው ከጠየቅሽኝ እኔ ዞተሮን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፤ በኮምፒውተርሽ ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል፤ በነፃ የሚሰጠው የ300 ሜጋባይት ማከማቻ ለፒዲኤፍ ቢያንስም የዋቢ መዝገብሽን ለማመሳሰል አይገድብሽም። በተጨማሪ ሪትራክሽን ዋች ከሚባለው መዝገብ ጋር ስለተያያዘ የሰበሰብሽው ጽሑፍ በአሳታሚው የተሻረ ከሆነ በቀይ ያስጠነቅቅሻል። ሜንደሌይ መጥፎ አይደለም፤ የኤልሰቪየር መሆኑና ቀድሞ የለመድነው ዴስክቶፕ ሥሪት መተካቱ ግን የብዙ ተማሪ ሥራ አስተጓጉሏል። ኢንድኖት ጠንካራ ነው፤ በፍላሽ የሚዘዋወረው ግን ፈቃድ የሌለው ከመሆኑም በላይ ከቫይረስ ጋር ይመጣል።

ከአዳማ

ከአዳማ ሆኜ ውይይቱን ስከታተል ቆይቻለሁ። ያልተነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ የእኛ ስም። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ቫንኩቨር በሚባለው ዋቢን በቁጥር በሚጠቅሰው ሥርዓት ቀድሞ ይጻፋል፣ የራስ ስም ወደ ምህጻር ይወርዳል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ስማቸውን ለአንዱ መጽሔት በአንድ ቅደም ተከተል፣ ለሌላው በተቃራኒው ስለሚሰጡ አንድ ሰው በዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። የአማርኛ መጽሐፍ ስንጠቅስ ደግሞ በራስ ስም ነው የምንደረድረው። ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ሲገናኙ የትኛውን እንከተል?

የጥናት ዘዴ መምህር

ለዓለም አቀፍ መጽሔት ጽሑፎች በዳታቤዙ መዝገብ ላይ ያለውን ቅርጽ መከተል ይሻላል፤ ምክንያቱም ዋቢ የሚጻፈው አንባቢ ምንጩን እንዲያገኘው ነው፣ ፐብሜድ ላይም የሚገኘው በዚያ ቅርጽ ነው። ለአማርኛ መጽሐፍ ሙሉ ስሙን ሳይገለበጥ በአንድ ሣጥን መጻፍ ይቻላል፤ ከላይ ለድርጅት የተነገረው ዘዴ ለዚህም ያገለግላል። በቫንኩቨር ዝርዝሩ የሚደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ግጭቱ ያን ያህል አይጎላም። በፊደል ተራ በሚደረድሩ ሥርዓቶች ግን ዩኒቨርሲቲው የሚያዘውን መጠየቅ ግድ ነው።

ተመራቂው

ስለ 1,000 ውጤት የተባለውን አጣራሁት፣ እውነት ነው። አሁንም ግን ለአካባቢ ጥናት ከስኮላር ውጭ ሌላ መነሻ የለም ከሚለው አቋሜ አልተነቃነቅኩም። ይልቅ አሁን አሁን ተማሪዎች ዋቢ ከቻት ጂፒቲ እየጠየቁ ይለጥፋሉ፤ ይህ ከሁሉም የባሰ አይደለም ትላላችሁ?

የጤና ቢሮ ባለሙያ

የባሰ ነው። ደራሲው እውነተኛ፣ መጽሔቱ እውነተኛ፣ ርእሱ ግን ማንም ያልጻፈው ሆኖ ይገኛል። እኔ ረቂቅ ሲመጣልኝ ከዋቢዎቹ ጥቂቶቹን መርጬ የዲኦአይ ቁጥራቸውን (የጽሑፉን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) እከፍታለሁ፤ ቁጥሩ ወደ ሌላ ጽሑፍ ወይም ወደ ባዶ ገጽ ከወሰደኝ ማንበቤን አቆማለሁ።

ከታቦር ሥር

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። በስኮላር ያገኘሁት አንድ የማስተርስ ጽሑፍና በፐብሜድ ያገኘሁት አንድ የታተመ ጽሑፍ የአንድ ሰው፣ የአንድ ወረዳ፣ የአንድ መረጃ ሆነው አገኘኋቸው። ርእሳቸው ስለሚለያይ ዞተሮ ድግግሞሽ መሆናቸውን አላወቀም። ሁለቱንም ልያዝ?

የመጻሕፍት ቤት ሰው

አንድ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ሁለቱንም ብታስገቢ የዚያ ወረዳ ሕፃናት በስሌትሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባሉ። በመሠረቱ የታተመውን ያዢ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ግን አትጣዪው፣ በመጽሔት ጽሑፍ ውስጥ ያልተካተቱ ሠንጠረዦች ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛሉና ከእሱ የወሰድሽው ቁጥር ካለ ለይተሽ ጥቀሺው። ሁለቱ የአንድ ጥናት ሪፖርቶች መሆናቸውንም በማጣሪያ ሠንጠረዥሽ ላይ መዝግቢ። የናሙናው መጠን ወይም መረጃው የተሰበሰበበት ወር በሁለቱ ላይ ተለያይቶ ካገኘሽው ራስሽ ከመወሰንሽ በፊት ለጸሐፊው ጽፈሽ ጠይቂ፤ የደብዳቤ አድራሻው በታተመው ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ይገኛል።